ያገለገለ የናፍታ ፒክአፕ፤ አመራረጡና አያያዙ

ዘርና ማዳበሪያ በወቅቱ ለአባላት እንዲደርስ፣ ምርትም ወደ ገበያ እንዲወጣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች አንዱ መኪና ነው። ይሁን እንጂ አዲስ ፒክአፕ የመግዛት አቅም ያላቸው ማኅበራት ጥቂቶች ናቸው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ታክሱ እንዲከብድ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በእነዚህም ምክንያቶች ለማኅበራት ገበያ ላይ የሚቀርበው ፒክአፕ በአብዛኛው በአገራችን መንገድ ለብዙ ዓመታት የሠራ ነው።

እንዲህ ያለው መኪና በሚገባ ተመርጦ በሚገባ ከተያዘ ገና ብዙ ያገለግላል። ካልሆነ ግን የአባላቱን ገንዘብ ይዞ ጋራዥ ውስጥ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት የሥራ አመራር አባላት ሊያውቋቸው የሚገቡትን ዋና ዋና ነጥቦች ያቀርባል።

ከአንድ ስሕተት የተገኘ ትምህርት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሙያዬ የማግዘው አንድ ማኅበር ፒክአፕ ሊገዛ ሲል ኮሚቴው አስተያየቴን ጠየቀኝ። የቀረበልን መኪና ቀለሙ የጸዳ፣ ጎማው አዲስ፣ ቆጣሪው 140,000 ኪሎ ሜትር የሚያሳይ ነበር። ስንደርስ ሞተሩ ተነሥቶ እየሠራ አገኘነው። ድምፁን አዳምጬ፣ ጥቂት ነድቼው፣ «ይገዛ» አልኩ።

በግንቦት መጨረሻ ይኸው መኪና 10 ኩንታል ዲቃላ የበቆሎ ዘር ጭኖ የአባይን በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ሞተሩ ፈላ። ሾፌሩ ደንግጦ በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ጨመረበት፤ ቴስታታውም ተሰነጠቀ። 10 ኩንታል ዘር በሄክታር 25 ኪሎ ቢታሰብ ለ40 ሄክታር የሚበቃ ነው። መኪናው ተጎትቶ፣ ዘሩም በሌላ መኪና ተጭኖ አባላቱ ዘንድ እስኪደርስ 11 ቀን አለፈ። ዝናቡን ላለማሳለፍ የቸኮሉ አባላት ካምናው ምርት ከጎተራ አውጥተው ዘሩ። የዲቃላ በቆሎ ምርት መልሶ ሲዘራ የመጀመሪያውን ያህል እንደማይሰጥ የታወቀ ስለሆነ፣ የዚያን ዓመት ማሳቸው ይህንኑ አሳየ።

ያንን ዘር ከመጫኑ በፊት 100 ፍሬ ቆጥሬ ብቅለቱን ፈትኜ ነበር። በስብሰባው ላይ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ዘሩን ቆጥረህ ተቀበልክ፤ መኪናውን ግን በዓይን ገዛህልን» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ከመካኒኮች ጠይቄ የተማርኩትንና በሥራ ላይ ያየሁትን ነው ከዚህ በታች የምገልጸው።

1. ሙቀት

የናፍታ ሞተር እሳት የሚሰጠው ካንዴላ የለውም። አየሩን በኃይል በመጭመቅ ያግለዋል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍታ ሲረጭ ይቀጣጠላል። በቆዩት ፒክአፖች ላይ አየሩ ከ20 እጥፍ በላይ ይጨመቃል። ይህን ጫና አፍኖ የሚይዘው በሞተሩ ብሎክና በቴስታታው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከልክ በላይ በጋለ ጊዜ በቅድሚያ የሚጎዱት ጓርኒሲዮኑና ቴስታታው ናቸው።

በደጋ አገር ይህ ችግር ይብሳል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። የራዲያተር ክዳን ውኃውን በግፊት ስለሚይዝ የመፍያውን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። ጎማው ያረጀ ክዳን ግን ግፊቱን አይዝም፤ ውኃውም ቀድሞ ይፈላል። በአነስተኛ ዋጋ የሚለወጥ ክዳን ባለመለወጡ ብዙ ሞተር ተበላሽቷል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ተወርዶ ያንኑ ያህል እንደገና እንደሚወጣ ሁሉ፣ በብዙ መንገዶቻችን መኪና ተጭኖ ለረጅም ጊዜ በዝቅተኛ ማርሽ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሾፌሩ ዓይኑን ከሙቀት መለኪያው ላይ መንቀል የለበትም። መርፌው ከለመደው ቦታ ሲያልፍ መቆም፣ ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ፣ ክዳኑንም ሳይበርድ አለመክፈት ያስፈልጋል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመር ፈጽሞ ክልክል ነው።

የወንዝና የጉድጓድ ውኃ በራዲያተሩ ውስጥ እንደ ጀበና ዝቃጭ የሚጋገር ነገር ይተዋል። ስለዚህ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በታዘዘው መጠን ከንጹሕ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ መሞላት ይኖርበታል። ውቂያ አጠገብ የሚሠራ መኪና ራዲያተሩ በገለባና በእብቅ ስለሚደፈን፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በውኃ ወይም በአየር መጽዳት አለበት።

2. የናፍታ ንጽሕና

የናፍታው ፖምፓና ኖዝሎች በጣም በጠበበ ልክ የተሠሩ ናቸው፤ የሚለሰልሱትም በራሱ በናፍታው ነው። በመሆኑም ውኃ፣ አቧራ ወይም ኬሮሲን የገባበት ናፍታ ያበላሻቸዋል። በገጠር ናፍታ በበርሜልና በጀሪካን ስለሚቀመጥ የሚከተለው ይደረግ፤

ሀ/ በርሜሉ ከዝናብና ከፀሐይ ተጠብቆ ይቀመጥ። ናፍታው ከመቀዳቱ በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት ሳይነካ ይደር። መቅጃው ቱቦ የበርሜሉን መቀመጫ አይንካ፤ ውኃውና ዝቃጩ ያለው ከሥር ነውና።

ለ/ ወደ መኪናው ሲገለበጥ ጥቅጥቅ ያለ ማጣሪያ ባለው ማንቆርቆሪያ ይሁን።

ሐ/ የመኪናው ታንክ ማታ ሞልቶ ይደር። ባዶ በሆነው ቦታ ያለው እርጥበት ሌሊት ወደ ውኃ ይለወጣል።

መ/ ከናፍታ ማጣሪያው ሥር ያለው ውኃ በየሳምንቱ ይፍሰስ። ማጣሪያው በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይለወጥ።

3. አቧራና ዘይት

በኮረኮንች መንገድ የሚሠራ ሞተር በቀዳዳ ወይም በተሰነጠቀ ቱቦ በኩል አቧራ ከሳበ የፒስቶን ቀለበቶቹና የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይፋጫሉ። በበጋ የአየር ማጣሪያው በየሳምንቱ ወጥቶ ይታይ። በአየር ሲጸዳ ነፋሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን፤ የተቀደደ ወረቀት ሳይውል ሳያድር ይለወጥ። የሞተር ዘይት ለናፍታ ሞተር የተዘጋጀ ሆኖ በአቧራማ መንገድ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከማጣሪያው ጋር መለወጥ ይኖርበታል። የናፍታ ሞተር ዘይት ቶሎ ስለሚጠቁር መጥቆሩ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም።

4. ጭነት

አብዛኞቹ ፒክአፖች የተሠሩት 1 ቶን ገደማ፣ ማለትም 10 ኩንታል ያህል እንዲጭኑ ነው። ይህም 20 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ማዳበሪያ መሆኑ ነው። ከላይ የሚሳፈሩ ሰዎችም ክብደት በዚሁ ውስጥ ይታሰባል። 15 እና 20 ኩንታል የሚጫንበት መኪና ባሌስትራው ይሰበራል፣ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፣ ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ ይከዳል። ሻንሲውም ከጋቢናው ጀርባ ይሰነጠቃል። «አንድ ምልልስ ተረፈ» የተባለው ገንዘብ ለብየዳና ለመለዋወጫ ይወጣል።

ማዳበሪያ እርጥበት የሚስብ ጨው ስላለው ብረት ይበላል። ከማራገፍ በኋላ አልጋውና የሻንሲው ሥር በውኃ ይታጠብ።

5. ስለ ሞተሮች ዓይነት

«የትኛው ሞተር ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። መልሱ በአካባቢው ባለው መካኒክና መለዋወጫም ይወሰናል።

የቶዮታ ሃይሉክስ የቀድሞ ሞተሮች፣ ማለትም 2ኤል (2,446 ሲሲ)፣ 3ኤል (2,779 ሲሲ) እና 5ኤል (2,986 ሲሲ) ተርቦ የሌላቸው፣ አሠራራቸው ቀላል፣ ጉልበታቸው መጠነኛ ነው። የላንድክሩዘር ፒክአፕ ባለ 6 ሲሊንደር 1ኤችዜድ ሞተር (4,164 ሲሲ) በጥንካሬው የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ናፍታ ይበላል። በእነዚህ ሁሉ ላይ የታይሚንግ ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ አለበት። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስቶኑ ጋር ይጋጫሉ። ተርቦ ያለው 2ኤል-ቲ ደግሞ ቴስታታው በሙቀት በመሰንጠቅ ይታወቃል። የሚትሱቢሺ 4ዲ56 (2,477 ሲሲ) ከታይሚንግ ቺንጋው ሌላ አንድ ትንሽ ቺንጋ ስላለው ሁለቱም አብረው ይለወጡ።

እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በወጡት ሃይሉክሶች ላይ የሚገኙት ዲ-4ዲ የተባሉት ሞተሮች ኮመን ሬይል ናቸው። ናፍታውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት በኮምፒዩተር ትእዛዝ ይረጫሉ። ጉልበታቸው የተሻለ፣ ፍጆታቸውም የተቆጠበ ነው። ነገር ግን ቆሻሻ ናፍታ አይችሉም፤ የኖዝሎቻቸውም ዋጋ ከባድ ነው። በተለይ በባለ 3.0 ሊትሩ ላይ ኖዝሎቹ ሥር ያሉት የመዳብ ቀለበቶች ሲያሳልፉ የተቃጠለ ጥላሸት ወደ ዘይቱ ገብቶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፤ ሞተሩም ዘይት አጥቶ ይሞታል። ናፍታ ከበርሜል የሚቀዳ ማኅበር ይህን ያመዛዝን። ተርቦ ያለው ማንኛውም ሞተር ዳገት ወጥቶ እንደቆመ ወዲያው አይጥፋ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሥራ።

6. ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፈተና

ዘር ሳይፈተን እንደማይዘራ ሁሉ መኪናም ሳይፈተን አይገዛም። ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው መካኒክ ተይዞ በጠዋት መሄድ ይገባል።

ሀ/ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑ በእጅ ተነክቶ ይረጋገጥ። ሞቆ ከተገኘ በሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። በብርድ በቀላሉ የማይነሣ ሞተር ማሞቂያው፣ ባትሪው ወይም መጭመቂያ ኃይሉ ደክሟል።

ለ/ ሳይነሣ የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ውኃው ይታይ። ዘይት የሚንሳፈፍበት ከሆነ፣ ወይም የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ከታየ፣ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል። ሞተሩ ተነሥቶ ውኃው ያለማቋረጥ አረፋ ከደፈቀም ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ተበላሽቷል።

ሐ/ ጭሱ ይታይ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። ሲሞቅ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውኃ ወይም ያልተቃጠለ ናፍታ ነው። ጥቁር ጭስ የአየር ማነስ ወይም የኖዝል ችግር ነው። ደጋ ላይ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ ቢያወጣ አያስደንቅም።

መ/ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ይፈታ። እንፋሎት በኃይል እየገፋ የሚወጣ ከሆነ የፒስቶን ቀለበቶቹ አልቀዋል።

ሠ/ ቆጣሪው አይታመን፤ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። የፔዳሎቹ ጎማ፣ መሪውና የሾፌሩ መቀመጫ ግን እውነቱን ይናገራሉ። ታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተለወጠ ማስረጃ ካልቀረበ እንዳልተለወጠ ይቆጠር፤ ዋጋውም ከሒሳቡ ይቀነስ።

ረ/ መኪናው ከሥር ይታይ፤ ሻንሲው ላይ አዲስ ብየዳ ወይም አዲስ ቀለም ካለ ምክንያቱ ይጠየቅ።

ሰ/ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ከተቻለ ጭነት ይዞ፣ ዳገት ይውጣ። ማርሽ እንዳያመልጥ፣ ፍሪሲዮን እንዳያንሸራትት፣ የሙቀት መርፌው እንዳይወጣ ይታይ።

ሸ/ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑ ከሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይጣራ።

7. ከተገዛ በኋላ

አንድ መኪና ለብዙ ሰዎች ሲሰጥ ባለቤት የሌለው ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሾፌርና አንድ ኃላፊ ይመደቡለት፤ በጋቢናው ውስጥም አንድ ደብተር ይቀመጥ። በየዕለቱ የተጓዘው ኪሎ ሜትር፣ የተቀዳው ናፍታ፣ የተጨመረው ዘይትና ውኃ፣ የተጫነው ጭነት ይጻፍበት። በዚህ ደብተር ብዙ ብልሽት አስቀድሞ ይታወቃል። ለምሳሌ በ60 ሊትር 600 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና በዚያው መንገድ 480 ብቻ ከሄደ አንድ ነገር ሆኗል። ውኃ በየሳምንቱ የሚጨመርበት ሞተርም ጓርኒሲዮኑ እየደከመ ሊሆን ይችላል፤ ከመንገድ በፊት ይመርመር።

ከእያንዳንዱ ምልልስ ገቢ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ተቀንሶ ለብቻው ይቀመጥ። ሙሉ ምርመራ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ አንደኛው በሚያዝያ፣ ዘርና ማዳበሪያ ከመጫኑ በፊት፣ ሁለተኛው በጥቅምት፣ አዝመራው ከመሰብሰቡ በፊት።

ያ ማኅበር ቴስታታውን አስለውጦ መኪናውን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በጋቢናው ውስጥ ደብተር አለ፤ የራዲያተሩም ክዳን በየዓመቱ ይለወጣል። ያለፈው የዘር ወቅት ግን ተመልሶ አይገኝም። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ኮሚቴ ቢያንስ ሞተሩ ሳይሞቅ በጠዋት ሄዶ ክዳኑን ከፍቶ ቢያይ የጽሑፉ ዓላማ ተፈጽሟል።