ክብደቱ የቀለለ የስፖርት መኪና አነዳደፍ

የስፖርት መኪና ሲባል ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው የሞተሩን ጉልበት ነው። ይሁን እንጂ አንድ መኪና ፈጣን የሚሆነው ጉልበቱ በመብዛቱ ብቻ ሳይሆን የሚሸከመው ክብደት በማነሱም ጭምር ነው። እዚህ ላይ «ቀላል መኪና» ስንል ክብደቱ ያነሰ ማለታችን ነው እንጂ አሠራሩ አያስቸግርም ማለታችን እንዳልሆነ ልብ በሉ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን ኤሊዝ የተባለችው መኪና ናት። ሎተስ የተባለው ኩባንያ በእንግሊዝ አገር፣ በኖርፎክ አውራጃ፣ ሄቴል በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2021 ሠርቷታል። የመጀመሪያዋ ኤሊዝ 725 ኪሎግራም ያህል ትመዝን ነበር፤ የሞተሯም ኃይል 118 የፈረስ ጉልበት ነበር። ይኸውም ለአንድ የፈረስ ጉልበት የሚደርሰው ሸክም ከ6 ኪሎግራም ጥቂት ቢበልጥ ነው። ክብደቱ የእርስዋን እጥፍ የሆነ መኪና ከእርስዋ እኩል ፍጥነት ለመጨመር 236 የፈረስ ጉልበት ያስፈልገዋል።

ክብደት ክብደትን ይወልዳል። ከባድ ሞተር ጠንካራ ሻሲ ይሻል፤ ሁለቱም ተደምረው ወፍራም ሞላና ሰፊ ጎማ ይጠይቃሉ፤ ይህን ሁሉ ለማቆም ትልቅ ፍሬን ያስፈልጋል፤ በመጨረሻም የተጨመረውን ለመግፋት ሌላ ጉልበት ይፈለጋል። ቅነሳውም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ክፍል ሲቀል ሌላውም ለመቅለል ዕድል ያገኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሞተሩ ቦታ ነው። የኤሊዝ ሞተር ከነጂው ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎች ዘንግ ፊት ይገኛል። ምክንያቱን ለመረዳት ሁለት ድንጋዮችን በአንድ በትር ጫፎች ላይ አስራችሁ፣ የበትሩን መካከል ይዛችሁ ወዲያና ወዲህ አዙሩት። ቀጥሎም ድንጋዮቹን ወደ እጃችሁ አቅርባችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። በሁለተኛው ጊዜ በትሩ በቀላሉ ይታዘዛችኋል። መኪናም ከባዱ ክፍል ወደ መካከሉ ሲቀርብ መሪውን ፈጥኖ ይከተላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ሻሲው ነው። መሐንዲሱ ሪቻርድ ራካም የነደፈው የኤሊዝ ሻሲ ውስጣቸው ክፍት ከሆነ የአልሙኒየም ዘንጎች የተገጣጠመ ሲሆን፣ ክብደቱ 68 ኪሎግራም ያህል፣ ማለትም ከአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት የማይበልጥ ነበር። ዘንጎቹ የተያያዙት በብየዳ ሳይሆን በኤፖክሲ ማጣበቂያ ነው። ብየዳ በሙቀቱ የአልሙኒየሙን ጥንካሬ ያደክማል፤ ቡሎን ብቻውን ሲሆን ደግሞ ሸክሙን በአንድ ነጥብ ላይ ያከማቻል። ማጣበቂያ ግን ሸክሙን በመጋጠሚያው ገጽ ሁሉ ላይ ያከፋፍለዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ነው። ሆኖም ማጣበቂያም ድክመት አለው፤ ከጫፉ እየተላጠ ሲሳብ ይለቃል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ መላጥን የሚከላከሉ ብሎኖች ጨመሩበት።

ይህ ሁሉ ጥቅም ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ጣሪያዋ ክፍት የሆነ መኪና ጥንካሬዋን ከጎኖቿ ማግኘት ስላለባት የኤሊዝ የጎን ዘንጎች ከፍተኛና ወፍራም ሆኑ፤ በዚህም ሳቢያ ገብቶ መቀመጥ አስቸጋሪ ሆነ። የሞተሩ ድምፅ ለተሳፋሪው ጆሮ ቀረበ፤ የዕቃ ቦታውም ጠበበ። ራዲያተሩ ከፊት ስለተቀመጠ ውሃውን እስከ ኋላው ሞተር የሚያደርስ ረጅም ቧንቧ አስፈለገ። ከሁሉ በላይ፣ መሪን ፈጥና የምትታዘዝ መኪና ጎማዋ መንገዱን ሲለቅም ፈጥና ትሽከረከራለች፤ ጥንቃቄ የጎደለው ነጂ ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

እንግዲህ መንደፍ ማለት መምረጥ ማለት ነው። መልካም ነዳፊ የሚባለው ሁሉን ነገር የጨመረ ሳይሆን፣ ምን እንደሚያስቀርና ስለ ምን እንደሚያስቀር ያወቀ ነው። እናንተም አንድን ዕቃ ስትመረምሩ «ምን አተረፈ? ምንስ አጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። የገላጭ ድርሰታችሁም ፍሬ ነገር ከዚህ ጥያቄ ይገኛል።