በተዘጋ ቀን የሚመረጥ ቪፒኤን

የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ሐሙስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲዘጉ ኢንተርኔቱ ራሱ አልጠፋም ነበር። ጎግል ይከፈታል፣ ኢሜይል ይገባል። የተዘጋው ሰው ከሰው የሚገናኝበት ብቻ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ የጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው ወሊሶ አቅራቢያ፣ በሐሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን፣ ጥር 14 ቀን ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ተካሂዷል። ምእመኑ ጾመ ነነዌን ጥቁር ለብሶ አሳልፏል። ለየካቲት 5 ደግሞ ሹመቱን የሚቃወም ሰልፍ ተጠርቶ ነበር። የተዘጋበትን ምክንያት ለማወቅ መግለጫ የጠበቀ ሰው አላየሁም።

በዚያ ሰሞን በእኛ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ከሳሪስ እስከ ጎፋ ማዞሪያ፣ ከኃይሌ ጋርመንት እስከ ጀሞ፣ ቪፒኤን የሚለው ቃል ከተማሪ አፍ ወጥቶ የእናቶች ወሬ ሆነ። ጀሞ 1 ታክሲ ተራው አጠገብ ካሉት የሞባይል ጥገና ሱቆች በአንዱ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ልጁ ስልኩን ይቀበላል፤ ዜንደር ከፍቶ ከራሱ ስልክ አንድ አፕ ይልካል፤ የሚመጣውን የፈቃድ ጥያቄ ሁሉ ሳያነብ እሺ፣ እሺ እያለ ያልፋል። ከወረፋው መካከል ቤይሩት ካለች ልጃቸው ጋር በሜሴንጀር የሚገናኙ አንዲት እናት ነበሩ።

«እማማ፣ መጀመሪያ ይቺን ይጫኑ። አረንጓዴ ስትሆን ሜሴንጀር ይገባልዎታል።»

«ገንዘቤን አይበላም?»

«ካርድ ትንሽ ይበላ ይሆናል እንጂ ሌላ ነገር የለውም።»

ልጁ ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያውቀውን ነው የነገራቸው። ነገር ግን ሌላ ነገር አለው። ቪፒኤን ሳይኖር የት እንደምንገባ የሚያየው የስልክ ድርጅቱ ነው። ቪፒኤን ሲበራ ድርጅቱ ከአንድ ሩቅ ሰርቨር ጋር እንደምንነጋገር ብቻ ያያል፤ እሱ ያይ የነበረውን አሁን የሚያየው የሰርቨሩ ባለቤት ነው። አደራው ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ስለዚህ ቪፒኤን ስንመርጥ የምንመርጠው ፍጥነትን ወይም የአገር ብዛትን ከመሆኑ በፊት ሰውን ነው። እኛ ግን ይህን ሰው የምንመርጠው ሁሌም በተዘጋ ቀን፣ በጭንቀት፣ ከእጅ ወደ እጅ ከሚተላለፈው ነው። ያለፉትን ሃያ ዓመታት መለስ ብሎ ላየ ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም።

ከምርጫ 97 ማግስት አጭር የጽሑፍ መልእክት ተቋርጦ እስከ ሚሊኒየሙ ሰሞን አልተመለሰም። በግንቦት 1998 ደግሞ የተቃዋሚ ድረ ገጾችና በብሎግስፖት ላይ የሚጻፉ ብሎጎች መከፈት አቆሙ። ያኔ የሚታገደው በአድራሻ ነበር፤ ዝርዝር ይወጣል፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያለው አይከፈትም። መፍትሔውም የዚያኑ ያህል ቀላል ነበር። ኢንተርኔት ካፌ የሚቀመጠው ወጣት ፕሮክሲ ድረ ገጽ ፈልጎ ይገባል፤ ወይም ውጭ ያለ ወዳጁ ጽሑፉን ገልብጦ በኢሜይል ይልክለታል።

ነገሩ የተቀየረው በ2004 ነው። በግንቦት ወር የቶር ፕሮጀክት ኢትዮጵያ ውስጥ ማንነትን የሚደብቀው ቶር በአዲስ ዘዴ እየታገደ መሆኑን ይፋ አደረገ። ዘዴው የመረጃውን እሽግ ውስጥ ድረስ መመርመር ነው። ከአድራሻው ይልቅ የግንኙነቱ መልክ ይታያል፤ ቶር ከሰርቨሩ ጋር ሲተዋወቅ የሚለዋወጣቸው የመጀመሪያ ምልክቶች ተለይተው ይቆረጣሉ። ከዚያ በኋላ መረጃን ማመስጠር ብቻውን አልበቃም፤ የተመሰጠረ መሆኑንም መደበቅ አስፈለገ። የቶር ሰዎች ያኔ ያቀረቡት የግንኙነቱን መልክ የሚቀይር፣ ድልድይ የሚባል ሰርቨር ነበር። ዛሬ ጥሩ ከሚባሉት ቪፒኤኖች ብዙዎቹ ይህንን ትምህርት ወርሰዋል።

በዚያው ዓመት የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ወጣ። አገላለጹ ሰፊ ስለነበር በስካይፕ መደወል ያስጠይቃል ወይ የሚል ፍርሃት በከተማው ተናፈሰ። ሚያዝያ 2006 የዞን 9 ጦማሪያን ታሰሩ። ስማቸውን የወሰዱት ከእኛ ክፍለ ከተማ አጎራባች ካለው የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው፤ ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው ከግቢው ውጭ ያለው አገር ነው በሚል። በሽብር ሲከሰሱ ከክሱ ዝርዝር መካከል መረጃን በኢንተርኔት ላይ ስለመጠበቅ የወሰዱት ሥልጠና ይገኝበታል። ጥቅምት 2008 ፍርድ ቤቱ ክሱ ሳይነሳላቸው የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ያ ክስ ግን ጥሎት ያለፈው ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ስለነዚህ መሣሪያዎች ጮክ ብሎ መጠየቅ ፈራ። የእውቀቱ ወሬ ወደ ሹክሹክታና ወደ ጥገና ሱቅ የወረደው በዚያ ዘመን ነው ብዬ አምናለሁ።

በእነዚያው ዓመታት ቪፒኤን የማያስቆመው ሌላ አደጋም ታየ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ በፈረንጆች 2013 የግንቦት 7 አመራሮችን ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ ፊንፊሸር የተባለ የስለላ ፕሮግራም፣ በ2014 የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ ያነጣጠረ የሃኪንግ ቲም ሥሪት፣ በ2017 ደግሞ የፍላሽ ማሻሻያ መስሎ የሚገባ የሳይበርቢት ምርት አጋለጠ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ የምንጽፈውን ያነባል። መንገዱን መሸፈን ለእሱ ምንም አይደለም።

2008 ዓ.ም. እገዳው ከድረ ገጽ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ የዞረበት ዓመት ነው። በግንቦት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ሾልኮ ወጣ፤ በሐምሌ ድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ለቀናት ተዘጋ። መስከረም 2009 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ዳታም ተቋረጠ። ታኅሣሥ 2009 አምነስቲ ኢንተርናሽናልና የኢንተርኔት ሳንሱርን የሚለካው ኡኒ ባወጡት የጋራ ጥናት ዋትሳፕ መታገዱን፣ የእሽግ ምርመራ ቴክኖሎጂም ሥራ ላይ መዋሉን በልኬት አሳዩ። ቪፒኤን የፖለቲካ ሰው ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ፈተና የጨረሰ ተማሪና ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የሚፈልገው የሆነው ከዚህ ጀምሮ ነው።

ሰኔ 2010 መንግሥት 264 ድረ ገጾችን ከፈተ። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ብዙ ሰውም ቪፒኤኑን ከስልኩ አጠፋ። ግን መክፈቻና መዝጊያው እዚያው ነበር። ሰኔ 15 ቀን 2011 በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ከተፈጸመው የባለሥልጣናት ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለቀናት ጠፋ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዚያው ክረምት ኢንተርኔት እንደ ውሃና አየር የማይቀር ነገር እንዳልሆነ ተናገሩ። ሰኔ 23 ቀን 2012 የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቆረጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ሲጠፋና ሲታገድ ልዩነት አለው። ቪፒኤን የሚሠራው መስመሩ ካለ ነው። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ፣ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለአንድ ዓመት ያህል ሲቋረጥ፣ ገንዘብ የተከፈለበትም ሆነ ነጻ ቪፒኤን የሚረዳ ነገር አልነበረውም። «ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል» ብሎ አፕ የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ ውሸታም ነው።

የ2015ቱ እገዳ አምስት ወር ያህል ቆይቶ ሐምሌ ላይ ተነሳ። መስመሩ ስላልተቆረጠ ቪፒኤን እንደዚያ ዘመን ተፈልጎ አያውቅም። ሳፋሪኮም ገበያ ከገባ ገና ወራት ቢሆነውም በእሱ ሲምም ያው ተዘግቶ ነበር፤ የድርጅት መብዛት ከእገዳ አላዳነንም።

ታዲያ በዚያን ጊዜ የጫንናቸው አፖች የማን ነበሩ? በፈረንጆች 2016 የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው 283 የአንድሮይድ ቪፒኤን አፖችን ፈትሸው ነበር። 38 ከመቶው የተንኮል ፕሮግራም ምልክት ተገኝቶባቸዋል፤ 18 ከመቶው ጭራሽ መረጃውን አያመሰጥሩም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሆላ የተባለው ነጻ አገልግሎት የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች ይሸጥ እንደነበር ታውቋል። የፌስቡክ ንብረት የነበረው ኦናቮ ሰው ስልኩ ላይ ምን እንደሚጠቀም እየሰበሰበ ለባለቤቱ ያቀብል ነበር፤ በ2019 ተዘጋ። በ2020 ምንም መዝገብ አንይዝም ሲሉ የነበሩ፣ ዩፎ ቪፒኤንን ጨምሮ ሰባት የሆንግ ኮንግ አገልግሎቶች፣ የደንበኞቻቸውን መዝገብ ያለ መቆለፊያ አስቀምጠው ተገኙ። እኛ ተዘግቶብን በነበረበት በ2023 ደግሞ ሱፐር ቪፒኤን ከተባለው አፕ ጋር የተያያዙ ከ360 ሚሊዮን በላይ መዝገቦች ተጋልጠው ታዩ።

በተቃራኒው ወገን የሚጠቀሰው የስዊድኑ ሙልቫድ ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የስዊድን ፖሊስ የፍተሻ ትእዛዝ ይዞ ቢሮው ገባ፤ የደንበኛ መረጃ ስለማይቀመጥ ባዶ እጁን ወጣ። ስም አይጠይቅም፣ ኢሜይል አይጠይቅም፣ ዋጋው በወር 5 ዩሮ ነው። ቃል መግባትና ተፈትኖ መገኘት የሚለዩት እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ችግሩ 5 ዩሮው ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ተማሪ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ከየት ያመጣል? ቴሌብር እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ነጻ ከሆኑት መካከል ገቢው ከየት እንደሚመጣ የሚታወቀውን መፈለግ ግድ ነው። ፕሮቶን ቪፒኤን ነጻ አገልግሎቱን የሚደጉመው ከሚከፍሉት ደንበኞቹ ነው፤ ማስታወቂያ የለውም፣ የዳታ ገደብ የለውም፣ የአፑን ኮድ ማንም ሊመረምረው ይችላል። ሳይፎን እገዳን ለመሻገር ተብሎ የተሠራ ስለሆነ አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላውን ራሱ ይሞክራል፤ ነገር ግን ዓላማው ማንነትን መደበቅ እንዳልሆነ ራሱ ይናገራል። ዩቲዩብ ለማየት ለሚፈልግ ይበቃል፤ ለጋዜጠኛ ብቻውን አይበቃም። ምንጩን መደበቅ ያለበት ሰው ቶርን ከነድልድዩ ይልመድ፣ መዘግየቱንም ይታገሥ።

እኔ ግን ለብዙ ቤተሰብ ይበጃል የምለው ሌላ ነው። ያኔ የጎግል እህት ኩባንያ የነበረው ጂግሶው በፈረንጆች 2018 ያወጣው አውትላይን፣ ማንኛውም ሰው ሰርቨር ተከራይቶ የራሱን መስመር እንዲከፍት ያስችላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ወንድም በወር ጥቂት ዶላር ከፍሎ ያቆመዋል፤ ለእናቱ፣ ለእህቱ፣ ለአክስቱ ልጅ ለየብቻ ቁልፍ ይልካል። ጥቂት ሰው የሚጠቀምበት ሰርቨር እገዳ ዝርዝር ውስጥ የመግባት ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ አደራውም ለማይታወቅ ኩባንያ ሳይሆን ለወንድም ነው። ወንድምየው ማወቅ ያለበት በዚያ መስመር የሚወጣው ሁሉ በእሱ ስም እንደሚመዘገብ ነው፤ ስለዚህ ቁልፉ ከቤተሰብ ውጭ አይሰጥ።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው በቴሌግራም ቻናሎች ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የቪፒኤን ኮንፊግ ፋይል ነው። ሰርቨሩ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያየው የሚናገር የለም። ክፍያ የማይጠይቅበት ምክንያትም አይገለጽም። ፋይሉን የምታስገቡበት አፕ ታማኝ ቢሆን እንኳ መንገዱን የሚወስነው ፋይሉ ነው። በዚህ ላይ ለዳታ ሳይከፍሉ ለመጠቀም የሚውሉት ፋይሎች ከስልክ ድርጅቱ መስረቂያ ናቸውና ከእገዳ መሻገር ጋር አንድ ላይ መቆጠር የለባቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ አብዛኛው አንድሮይድ ተጠቃሚ ዛሬውኑ ሊያስተካክል ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ የቪፒኤኑን ገጽ ከፍታችሁ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ባለ ጥርስ ጎማ ምልክት ስትነኩ፣ ሁልጊዜ እንዲበራና ያለ እሱ ግንኙነት እንዳይኖር የሚያደርጉ ሁለት ማብሪያዎች ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ካልበራ ቪፒኤኑ መሐል ላይ ሲቋረጥ ስልኩ ሳይነግራችሁ በራቁቱ መስመር ይቀጥላል። አንዳንድ የባንክ አፕ በዚህ ምክንያት እምቢ ካለ ለዚያች ደቂቃ አጥፍቶ መመለስ ነው።

ይህ ሲጻፍ ጀሞ ላይ ሁሉም ይከፈታል፤ ለመምረጥ ትክክለኛው ጊዜም ይህ ነው። ሲዘጋ የቪፒኤኖቹ ድረ ገጾች አብረው ሊዘጉ ይችላሉ፣ ቴሌግራም ላይ ያለ መመሪያም አይነበብም። ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎችን ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ አውርዱ፤ አንዱ ቢታገድ ሌላው ይኖራል። አብርታችሁ ሞክሯቸው። በቴሌግራም የምትሸጡ ደግሞ የደንበኞቻችሁን ስልክ ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ፤ መስመሩ ጨርሶ ከተቆረጠ የሚቀራችሁ እሱ ነው። ከዚያ የእናታችሁን ስልክ ተቀበሏትና ጥገና ሱቅ ያስገባውን አፕ አጥፉላት፣ አዲሱን ጫኑላት፣ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አሳዩአት።