ደጃፍ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት

አሜሪካ ውስጥ ስለ ምርጫ ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የየትኛው ግዛት ሕግ?» ተብሎ ነው። እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ያወጣል። ጆርጂያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ፣ ጣቢያ አጠገብ ለተሰለፈ መራጭ ሰው ውሃና ምግብ እንዳያድል እስከ መከልከል ደርሳለች። ለወሎ ሰው ይህ ሕግ ሳይሆን ነውር ነው የሚመስለው።

እኛ ዘንድ ግን ክልል የምርጫ ሕግ አያወጣም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ሥልጣኑን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 አባላት የሚመረጡትም በዚያው በፌዴራሉ አዋጅ ነው። ትግራይ በ2012 የራሷን ሕግ አውጥታ ጳጉሜን 4 ቀን ስትመርጥ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ውድቅ አድርጎታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ አንዲት አንቀጽ ከተነካች፣ ደሴ ሸዋ በር የተሰለፈውም ኮምቦልቻ የተሰለፈውም እኩል ይነካል።

አዋጁ ደግሞ ደጋግሞ ተለውጧል፤ በ1987 አዋጅ 111፣ በ1999 አዋጅ 532፣ በ2011 አዋጅ 1162 ወጥተዋል። ሰው ቁጥሮቹን ባያውቅ አይፈረድበትም። ውጤታቸውን ግን የመራጭነት ካርድ ሊያወጣ ሲሄድ ያገኘዋል።

ለምሳሌ አዋጅ 1162 ለመመዝገብ 18 ዓመት መሙላትንና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል። ደሴ ሆጤ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ከቁም ነገር አይቆጠርም። ከገጠር መጥታ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ለጀመረች፣ በየጊዜውም የኪራይ ቤት ለምትቀይር ልጅ ግን ትልቅ እንቅፋት ነው፤ አምስተኛ ወሯ ላይ ምዝገባው ከተዘጋ ኮምቦልቻ ላይ አትመርጥም። ከወለጋ ተፈናቅሎ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ጃሪ መጠለያ የገባ ሰውስ የየት ነዋሪ ይባላል? ሕጉ ለተፈናቃዮች፣ ለወታደሮችና እንደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት ለሚማሩ ተማሪዎች ልዩ ጣቢያ እንዲቋቋም የፈቀደው ይህን አስቦ ነው። ፈቃዱ በወረቀት መኖሩ መልካም ነው፤ ጣቢያው በጊዜ ካልተከፈተና ሰዉ ካልተነገረው ግን ያው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሚታየው የዕጩ ብዛትም የሕግ ጉዳይ ነው። አዋጅ 532 በአንድ ምርጫ ክልል ከ12 ዕጩ በላይ አይፈቅድም ነበር።

ከሁሉም ይልቅ አገር ያመሰው ግን የቆጠራው ነገር ነው። በ1997 ምርጫ ሰልፉ ረዥም ነበር፣ ሰዉም በሰላም መረጠ፤ ጠቡ የመጣው ሣጥኑ ከተከፈተ በኋላ ነው። በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ድምፅ እንደገና ተሰጠ። በተከተለው ሁከት የ193 ሲቪሎች ሕይወት ማለፉን ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን መዝግቧል። ጉዳዩ የቁጥር ብቻ አልነበረም፤ ቁጥሩን የሚቀበለውና አቤቱታውን የሚዳኘው ሰው መታመኑም ጭምር እንጂ። በ2011 የወጣው አዋጅ 1133 የምርጫ ቦርዱን በአምስት አባላት እንደ አዲስ ያቋቋመው ይህን እምነት ለመመለስ ነው። ተሳክቷል አልተሳካም የሚለው ያከራክራል፤ እኔ በበኩሌ ከቦርዱ ይልቅ ጣቢያውን እመለከታለሁ።

ጣቢያው ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ድምፅ መስጫው በሕጉ ምሽት 12 ሰዓት ይዘጋል፤ በሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫ ግን ቦርዱ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዝሞታል። ከዚያ ሣጥኑ እዚያው፣ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ፊት ይከፈታል። የሁለቱ ምክር ቤቶች ወረቀቶች ይለያሉ፤ የተበላሸው ለብቻው ይቀመጣል። የክልሉ ምክር ቤት ወረቀት ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ የአማራ ክልል በፌዴራሉ ምክር ቤት ያለው 138 መቀመጫ ብቻ ስለሆነ ለዚያ ከአንድ ምርጫ ክልል አንድ ሰው ይመረጣል፤ ለክልሉ ግን በአንድ ምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ሰው ይመረጣል። ከተፈቀደው በላይ ምልክት ያደረገ ድምፁን አቃጠለ ማለት ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ ተፈርሞ ደጃፍ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ወደ ምርጫ ክልሉ፣ ቀጥሎ ወደ ቦርዱ ያመራል። በመንገድ ላይ ቁጥር ቢቀየር የሚያጋልጠው ያ ደጃፍ ላይ የቀረው ወረቀት ነው።

አዋጁ ወደፊትም መሻሻሉ አይቀርም። ምዝገባ ሲጀመር ስለ ነዋሪነት ምን ማስረጃ እንደሚፈለግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በምርጫው ማግስት ደግሞ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ ወደ መረጣችሁበት ጣቢያ ተመለሱና ደጃፉ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ።