ክረምት ከወጣ በኋላ፤ በመፀውና በበጋ በደጋ አገር በእግር ስለ መጓዝና በድንኳን ስለ ማደር

በአውሮፓ ቋንቋዎች የተጻፉት የተራራ ጉዞ መጻሕፍት፥ በብርዱ ወራት በእግር ስለ መጓዝ፥ በድንኳን ስለ ማደርና የዱር አራዊትን ስለ መመልከት ብዙ ምክር ይሰጣሉ። ዳሩ ግን ያን ምክር ወደ አገራችን ለማምጣት የሚሞክር ሰው ገና በመጀመሪያው ቃል ላይ ይሰናከላል። መዝገበ ቃላቱ የእነርሱን የበረዶ ወራት «ክረምት» እያለ ይተረጉመዋልና። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በጂኦግራፊው መጽሐፍ ላይ በረዶ የለበሰ ቤት እያየን ይህ «ክረምት» ነው ሲባል፥ ከሐምሌ ጭቃ ጋር ምን ዝምድና እንዳለው በልባችን እንጠይቅ ነበር። ትርጉሙን አምኖ የተነሣ ተጓዥ ቢኖር ድንኳኑን ተሸክሞ በነሐሴ ዶፍ መካከል በተገኘ ነበር።

በባሕረ ሐሳብ አከፋፈል ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፥ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፥ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፥ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። (በንግግር መስከረምን «ጸደይ» የሚለው ሰው ብዙ መሆኑን እናውቃለን፤ አበቦቹን አይቶ ነውና አንፈርድበትም።) እንግዲህ በዚህች ጽሑፍ የምንናገርላቸው ወራት መፀውና በጋ ናቸው። እነዚህም ከአውሮፓውያን የበልግና የበረዶ ወራት ጋር በጊዜ ይገጥማሉ፤ በጠባይ ግን እጅግ ይለያሉ። በእነርሱ ዘንድ ሰው ወደ ቤቱ የሚገባበት ጊዜ ሲሆን፥ በእኛ ዘንድ ዝናሙ አባርቶ፥ ወንዙ ጎድሎ፥ መንገዱ ደርቆ፥ ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ጊዜ ነው።

በሰሜኑ ዓለም ብርድና ሙቀት የሚፈራረቁት በዓመት ውስጥ ነው። በእኛ ደጋ ግን የሚፈራረቁት በአንድ ቀን ውስጥ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ፀሐይ በታኅሣሥም ከፍ ብላ ትወጣለች፤ ስለዚህ የወር ከወር ልዩነት ትንሽ ነው። በሌላ በኩል አየሩ በከፍታ ስለሚሳሳና በመፀው ሰማዩ ከደመና ስለሚጠራ፥ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝላት ክዳን ታጣለች። በክረምት ደመናው እንደ ጋቢ ነበር፤ በጥቅምት ጋቢው ይገፈፋል። በዚህ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቅዝቃዜው በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በባሌ በሰነቴ አምባ፥ 4,000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ፥ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የወረደበት ጊዜ ተመዝግቧል፤ በማግሥቱ ቀትር ግን ሰው ኮቱን አውልቆ ይሄዳል። ስለዚህ በደጋ የሚጓዝ ሰው ሁለት ወቅት በአንድ ከረጢት መያዝ አለበት።

ይህን ነገር ከሰው ይልቅ ጅብራ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። በሰሜን ተራሮችና በባሌ የሚበቅለው ይህ ታላቅ ተክል ሲመሽ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ እምቡጡን ከውርጭ ይሸፍናል፤ ሲነጋ መልሶ ይዘረጋል። ለብዙ ዓመታት ካደገ በኋላ አንድ ረጅም የአበባ ግንድ አውጥቶ ዘሩን በትኖ ይሞታል። በማለዳ ከድንኳን ወጥቶ ቅጠሎቹ ሲከፈቱ መጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኛ እጃችን በብርድ ደንዝዞ ሳለ ጠብቀን አላዘንንም።

ስለ በረዶ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር እናንሣ። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ከድንጋይ ላይ የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ ጽሕፈት፥ ከዓባይ ገባር ማዶ (ተከዜ መሆኑ ነው) በረዶ በሸፈናቸው አስቸጋሪ ተራሮች ላይ ስለሚኖሩ የሰሜን ሰዎች ይናገራል። ስለዚህ የሰሜን ተራሮች ብርድ የዛሬ ወሬ አይደለም። ዛሬም ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ደጀን ጫፍ አንዳንድ ጊዜ በረዶ ይታያል፤ ነገር ግን ተራራው ዓመቱን ሙሉ በረዶ የሚለብስ አይደለም።

ለጀማሪ ተጓዥ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከደባርቅ የሚነሣው ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ተቋቋመ (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆኖ ከላሊበላ ጋር ተመዘገበ። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዘንድ ተቆጥሮ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጥቷል። ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር፥ ከዚያ ወደ ግጭ፥ ከዚያም ወደ ጭነቅ መጓዝ የተለመደ ነው። ሳንቃ በር ወደ 3,200፥ ግጭና ጭነቅ ወደ 3,600 ሜትር ከፍታ አላቸው። በመንገድ ላይ የጅንባር ፏፏቴ ወደ 500 ሜትር ጥልቀት ባለው ገደል ይወርዳል። በጥቅምት ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ በየካቲት የመጣ ሰው ግን ከዓለቱ ላይ አንድ ቀጭን የውሃ ክር ብቻ ያያል። ስለዚህ አረንጓዴውንና ፏፏቴውን የሚሻ በመፀው፥ ጥርት ያለ አየርና ደረቅ መንገድ የሚሻ በበጋ ይሂድ።

በዚህ አካባቢ የሚታዩትን ዋልያን፥ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ መጀመሪያ የገለጻቸው በ1830ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። የገበሬው እውቀት ግን ከእርሱ የቀደመ መሆኑን ማንም አይክድም።

ጭላዳ ሣር በል ነው፤ ይህም ከዝንጀሮ ወገን ብቸኛ ያደርገዋል። ሌሊቱን በገደል ወገብ ላይ አድሮ ፀሐይ ስትወጣ ወደ አፋፍ ይወጣና እየሞቀ ይቀመጣል። በመፀው አረንጓዴውን ሣር በጣቶቹ እየነጨ ሲበላ፥ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ መሬቱን እየቆፈረ ሥር ይፈልጋል። እንግዲህ የጭላዳን እጅ የተመለከተ ሰው ወሩን ያለ ቀን መቁጠሪያ ሊያውቅ ይችላል። ለዚህ እንስሳ ዳቦ የሚወረውሩ ጎብኚዎች አሉ። ይህ ቸርነት አይደለም፤ ከሰው ከረጢት መብላት የለመደ ጭላዳ ነገ ወደ ገበሬው ማሳ ይገባል፥ ገበሬውም ድንጋይ ያነሣበታል።

ዋልያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር አይገኝም። በጭነቅ አጠገብ በማለዳና በማታ ገደሉን በትዕግሥት ለሚመለከት ይታያል። በጭነቅ ሰማይ ላይ ደግሞ አጥንት ከፍ አድርጎ በዓለት ላይ እየጣለ፥ ሰብሮ መቅኑን የሚበላውን ጢማሙን አሞራ ማየት ይቻላል።

ቀይ ቀበሮን በተመለከተ ግን ለተጓዡ የሚከብድ ነገር አለ። ከዚህ እንስሳ የቀሩት በጠቅላላው 500 ያህል ሲሆኑ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ይኖራሉ። የሚወልዱትም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ይኸውም ለእኛ ለጉዞ ከሁሉ የሚመቸን ወቅት ለእነርሱ ቡችሎቻቸውን በጉድጓድ የሚያሳድጉበት ወቅት ነው ማለት ነው። ወደ ጉድጓዱ የቀረበ ሰው እናቲቱን ያስደነግጣታል፤ ቡችሎቿንም በብርድ ወደ ሌላ ጉድጓድ እንድታዛውር ያስገድዳታል። ስለዚህ ቡችላ ያየ ሰው ፎቶግራፍ ለማንሣት ሳይጠጋ በመጣበት መመለስ አለበት። ውሻ ይዞ መሄድም ፈጽሞ የማይገባ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 በባሌ ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ከቀይ ቀበሮዎቹ ብዙዎቹን ፈጅቷልና።

በእነዚሁ ወራት ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ እንግዶችም አሉ። ንስሮች፥ ጭልፊቶችና ሽመላዎች ወደ እኛ ይወርዳሉ፤ ከነዚህም በባብ ኤል መንደብ ላይ ባሕሩን የሚሻገሩ አሉ። በ1987 በዚያ ሥፍራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ200,000 በላይ አዳኝ አሞሮች ሲያልፉ ተቆጥረዋል። የፈረንጆቹ የብርድ ወራት እውነተኛ ዘመዳችን ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ስንቅና ወደ ልብስ እንመለስ። በዚህ ጉዳይ የውጭ መጻሕፍቱ ከሚሉት ይልቅ የአገራችን መንገደኛ የሚያውቀው ይበልጣል። በ3,600 ሜትር ከፍታ ውሃ በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላና ምስር ለመብሰል እጅግ ይዘገያሉ፤ ማገዶውም ያልቃል። በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ጭኮና ድርቆሽ ግን ብዙ እሳት አይፈልጉም፤ አይከብዱም፤ አይበላሹም። የቀድሞ ዘማቾች በእነዚህ መዝመታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ለልብስ ደግሞ ጥጥና ሱፍን መለየት ያስፈልጋል። ጋቢ በደረቁ ይሞቃል፤ በጤዛ ወይም በላብ ከራሰ ግን ውሃውን ይዞ ገላን ያቀዘቅዛል። ሱፍ ቢርስም ከሙቀቱ ጥቂት አይለቅም። የመንዝ ሰው ባናውን፥ የሰሜን ሰው በርኖሱን ከበግ ጠጉር የሚሠራው ስለዚህ ነው። የሌሊቱ ብርድ ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም ስለሚመጣ ከላይ ከሚደረበው እኩል ለምንጣፍ ማሰብ ይገባል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳልና ድንኳንን በሸለቆ ወለል ላይ መትከል ስሕተት ነው፤ ነፋስ የማይመታው ከፍ ያለ ጥግ ይመረጣል።

አረቄ ያሞቃል የሚባለው ነገር በተማሪዎች ዘንድ ብዙ ደጋፊ አለው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ደሙ ወደ ቆዳ ሲመጣ ሰውየው ሙቀት ይሰማዋል፤ ነገር ግን ያ ሙቀት ከሆዱ ወጥቶ ወደ ውጭ የሚሄደው ሙቀቱ ነው። ከአረቄ ይልቅ የከፋው ከሰል ነው። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የከሰል ምድጃ ማስገባት ሽታም ቀለምም የሌለው መርዘኛ አየር ያመጣል፤ ተኝቶ ያለው ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር ይህን ያስታውስ ዘንድ እንለምነዋለን።

የከፍታውም ነገር እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በራስ ደጀን ጫፍ ከ60 በመቶ ያንሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር አብልጦ አለመጨመር ይበጃል። ራስ ምታትና ማስመለስ የጀመረው ጓደኛ ካለ እንዲጸና መምከር ሳይሆን ወደ ታች ማውረድ ነው።

በበጋ መጨረሻ እሳት ሌላ ጠላት ይሆናል። አስታና ጓሳ በየካቲትና በመጋቢት እንደ ገለባ ደርቀው ይቆያሉ። በ2019 በመጋቢትና በሚያዝያ በሰሜን ተራሮች የተነሣው ቃጠሎ ለቀናት ቆይቶ፥ እሳቱን ለማጥፋት ከአካባቢው ሕዝብ ሌላ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች፥ ከኬንያም ሄሊኮፕተር እስኪመጡ ድረስ አስጨንቆ ነበር። ስለዚህ ለማብሰያ በጋዝ የሚሠራ ምድጃ ይዞ መሄድ ይሻላል። አስታ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ ለአንድ ሌሊት ጨዋታ እርሱን መቁረጥ አግባብ አይደለም።

መሬቱ ባለቤት እንዳለውም መዘንጋት የለበትም። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል፤ ዛሬ በግጭ ሜዳ ድንኳን የሚተክል ሰው የሚያድረው ትናንት ገብስ ሲዘራበት በነበረ አገር አጠገብ ነው። አራዊቱን ለመጠበቅ ይህ ብቸኛ መንገድ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ በእኛ መካከል ብዙ አከራክሯል። የመንዝ ጓሳ በሌላ መንገድ የተጠበቀ መሆኑን ግን መጥቀስ እንወዳለን። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ይህን 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሥፍራ፥ ሕዝቡ ራሱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፥ ሣሩ ሲደርስ በጋራ እያጨደ ጠብቆታል። ሥርዓቱ በ1975 የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሏል። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያ አሉ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በ2020 ጦርነት፥ በአማራ ክልል ደግሞ በ2023 ግጭት ከተነሣ ወዲህ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ ሳይጠይቁ መነሣት እንደማይገባ ሳንናገር አናልፍም።

ጊዜም ገንዘብም ለሚያጥረው ተማሪ የመናገሻ ሱባ ደን ቅርብ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር ተተከለ የሚባለው ይህ ደን ከወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ነው። ጉሬዛ በጽዱ ላይ ሲዘል፥ ድኩላም በማለዳ ከጥሻው ብቅ ሲል ይታያል። ቅዳሜ ሌሊት በ11 ሰዓት ተነሥቶ የሄደ በቀትር ከደኑ በላይ ያለውን አስታ ይደርሳል፤ ሹራብ ግን ይያዝ።