ለጥፍር ሥራ ሙያ ትክክለኛውን ሥልጠና መምረጥ

ጉለሌ የእጅ ሙያ የሚታወቅበት ክፍለ ከተማ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ልጆቻቸውን በድርና በማግ መካከል አሳድገዋል። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው ይወርዱ ከነበሩ እናቶችም መካከል ማኅበር መሥርተውና ሽመና ተምረው ከሸክሙ የተላቀቁ አሉ። ዛሬ ደግሞ በብዙ የሴቶች ጸጉር ቤቶች ውስጥ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ፣ አንድ የዩቪ መብራትና የተደረደሩ የቀለም ጠርሙሶች ይታያሉ። የጥፍር ሥራ ሰፊ ቦታና ብዙ መነሻ ገንዘብ ስለማይጠይቅ፣ ሥራ የሚፈልጉ ወጣት እኅቶች በቀላሉ የሚያስቡት ሙያ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ለሥልጠና የሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የእቁብ ዕጣ፣ የእናት ቁጠባ ወይም የዘመድ ብድር ነው። ይህ ገንዘብ በአንድ ሳምንት ትምህርትና በአንድ ያማረ ወረቀት ካለቀ ሁለተኛ ዕድል አይገኝም። ከገንዘቡም በላይ የሠልጣኟ ጤናና እጇን አምና የምትሰጣት ደንበኛ ደኅንነት አለ። ስለዚህ ሥልጠና የሚመረጠው በዋጋው ማነስ፣ በቀኑ ማጠር ወይም በምስክር ወረቀቱ ማማር ሳይሆን፣ ሠልጣኟ ሰውንም ራሷንም ሳትጎዳ እንድትሠራ በማብቃቱ ሊሆን ይገባል። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ምርጫ የሚረዱ ነጥቦችን ያብራራል።

ሙያው በእኛ ዘንድ

እጅና እግርን ማስዋብ ከውጭ ብቻ የመጣ ልማድ አይደለም። በደጋው አገር በጓሮ የምትተከለው እንሶስላ ሥሯ ተወቅጦ የሴቶችን እጅና እግር፣ በተለይም በሠርግ ወቅት፣ ሲያቀላ ኖሯል። አዲሱ ነገር ሥራው ራሱን የቻለ መተዳደሪያ መሆኑና ከሥር ወደ ኬሚካል መሸጋገሩ ነው።

አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ይህን ሙያ ለመማር ስትጠይቃቸው፣ ለክርስቲያን ይገባል ወይ ብለው ያመነታሉ። የጌጥን ልክ በተመለከተ እያንዳንዱ ምእመን ከንስሐ አባቱ ጋር የሚመካከርበት ጉዳይ ነው። በገዛ እጅ ሠርቶ ማደር ግን በቤተ ክርስቲያናችን ሁልጊዜ የተከበረ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን በመስፋት ይተዳደር እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ይመሰክራል። የእጅ ሥራ የሚከበረው ደግሞ በታማኝነት ሲሠራ ነው፤ ታማኝነትም ሙያውን በሚገባ ከማወቅ ይጀምራል።

ሥልጠናው ስለ ምን ማስተማር አለበት?

ብዙ ሰው የጥፍር ሥራ ማለት ቀለም መቀባት ይመስለዋል። ቀለም መቀባት ግን የሙያው ጥቂቱ ክፍል ነው። አንድ በቂ ሥልጠና ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ጠንቅቆ ማስተማር ይኖርበታል።

የመጀመሪያው የጥፍር ተፈጥሮ ነው። የምናየው ጠንካራው ክፍል ስሜት ባይኖረውም፣ ከቆዳ ሥር ያለው መብቀያው ሕያው ነው። የጣት ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ከሥር እስከ ጫፍ ለመተካትም ወደ 6 ወር ይፈጅበታል። በሞረድ ወይም በኤሌክትሪክ መሞረጃ ከልክ በላይ የሳሳ ጥፍር እስኪያድግ ድረስ ይሰበራል፣ ያማል። መብቀያው ክፉኛ ከተጎዳ ደግሞ ጥፍሩ ዕድሜ ልክ ተጣሞ ሊበቅል ይችላል። በጥፍሩ ሥር ያለው ስስ ቆዳም ጀርም እንዳይገባ የሚከላከል በር ስለሆነ፣ ውበት ተብሎ ተቆርጦ የሚጣል አይደለም። ሠልጣኟ ፈንገስ የያዘውን፣ ያበጠውን ወይም ያመረቀዘውን ጥፍር ለይታ፣ «ይህን አልሠራም፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው» ማለትን መማር አለባት። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግር ላይ የምትደርስ ትንሽ ጭረት እንኳ ወደ ከባድ ቁስል ልትለወጥ ስለምትችል፣ ይህ ጥንቃቄ የግድ ነው።

ሁለተኛው ኬሚካል ነው። አክሪሊክ ጥፍር የሚሠራው ዱቄትና ፈሳሽ ተዋሕደው ሲጠነክሩ ነው። ለዚህ ተስማሚ የሆነው ፈሳሽ ኤቲል ሜታክሪሌት ይባላል። ዋጋው የረከሰው ሜቲል ሜታክሪሌት ግን ጥፍርንና ቆዳን ስለ ጎዳ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ከዚህ ፈሳሽ የተሠሩ የጥፍር ምርቶችን በፍርድ ቤት ጭምር ከገበያ እንዲወጡ አድርጓል። ይህ ፈሳሽ በሽታው እጅግ ኃይለኛ ነው፤ ሲደርቅ ለመሞረድ ያስቸግራል፣ በአሴቶንም በቀላሉ አይለቅም። ስያሜ በሌለው ጠርሙስ የሚሸጥ ርካሽ ፈሳሽ እነዚህን ምልክቶች ካሳየ ሊጠረጠር ይገባል።

ጄል በበኩሉ በዩቪ መብራት የሚጠነክር ነው። ያልጠነከረ ጄል ቆዳ ሲነካ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ሄማ የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሄማ ያለበት የጥፍር ምርት በባለሙያ ብቻ እንዲሠራበት ወስኗል። በጄል ውስጥ የነበረውን ቲፒኦ የተባለ ሌላ ንጥረ ነገርም ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመዋቢያ ምርቶች አግዷል። አለርጂው አንድ ጊዜ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ አይለቅም። ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮች በጥርስ ሕክምና ስለሚገኙም፣ ችግሩ ከጥፍር አልፎ ሊከተል ይችላል። ይበልጥ የምትጋለጠውም ቀኑን ሙሉ ጄል የምትነካው ባለሙያዋ ናት። ጄል ቆዳ እንዳይነካ መቀባትን፣ ለጄሉ የሚስማማውን መብራትና የጊዜውን ልክ፣ እንዲሁም የናይትራይል ጓንት አጠቃቀምን ያልተማረች እኅት፣ የተበደረችበትን ሙያ በራሷ ጣቶች መቁሰል ምክንያት ልትተው ትችላለች። ተራ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አቧራን ይቀንሳል እንጂ የኬሚካል ትነትን አያስቀርም፤ ስለዚህ መስኮት መክፈትና አየር ማዘዋወር ያስፈልጋል። አሴቶን ደግሞ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከቡና ማፍያ ከሰልና ከሻማ መራቅ አለበት።

ሦስተኛው ንጽሕና ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በአንድ የጥፍር ሳሎን ባልጸዳ የእግር መዘፍዘፊያ ምክንያት ከ100 በላይ ደንበኞች እግር ላይ የሚያመረቅዝ ቁስል ወጥቷል። ያ ሳሎን ዘመናዊ መሣሪያ ነበረው፤ የጎደለው በአግባቡ የማጽዳት ልማድ ነበር። በአገራችን በስፋት የሚገኘው የሄፐታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ውስጥ፣ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሊቆይ ይችላል። ቆዳ የነካ መቁረጫ በመሐረብ ተጠርጎ ለሚቀጥለው ሰው የሚውል ከሆነ አደጋው ግልጽ ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል መሣሪያውን በመጀመሪያ በሳሙናና በውኃ መፈግፈግ፣ ቀጥሎ ጀርም በሚገድል ፈሳሽ መዘፍዘፍ፣ ከዚያም አለቅልቆና አድርቆ በንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥ ነው። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ሲበጠበጥ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ መሣሪያው በዚህ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይቆያል። ብረት እንዳይዝግ ወዲያው መለቅለቅ አለበት። ሥጋ የሚነኩ የብረት መሣሪያዎችን በአውቶክሌቭ መቀቀል ከሁሉ ይበልጣል። የወረቀት ሞረድና እንጨት ግን ስለማይጸዱ ለአንድ ሰው ብቻ ውለው ይጣላሉ። ባለሙያዋ ራሷም የሄፐታይተስ ቢ ክትባትን ሥራ ከመጀመሯ በፊት ብትወስድ መልካም ነው።

ምን ያህል ጊዜ ይበቃል?

የሽሮ ሜዳ የሸማኔ ልጅ ጥለት መጣል የሚጀምረው በመጀመሪያው ቀን አይደለም። ማግ ያጠነጥናል፣ ድር ሲዘረጋ ያግዛል፣ ተራውን ሸማ ይሠራል፤ ወደ ጥለቱ የሚደርሰው እጁ ከለመደ በኋላ ነው። የጥፍር ሥራም እንዲሁ እጅ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል።

ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካ የጥፍር ባለሙያ ፈቃድ ለማግኘት በኒውዮርክ 250፣ በካሊፎርኒያ 400 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል። በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ለሚማር ሰው 250 ሰዓት ከ12 ሳምንት በላይ፣ 400 ሰዓት ደግሞ 20 ሳምንት ነው። በዚሁ ስሌት የአንድ ሳምንት ሥልጠና 20 ሰዓት ብቻ ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች ለእኛ ሕግ ባይሆኑም፣ «በአምስት ቀን ሙሉ ባለሙያ» የሚለውን ማስታወቂያ ለመመዘን ይረዳሉ። አጭር ሥልጠና ሥራውን ለሚያውቅ ሰው አዲስ ዘዴ ለመጨመር ይጠቅማል፤ ለጀማሪ ግን መሠረት አይሆንም።

የምስክር ወረቀትና የብቃት ማረጋገጫ

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚደናገሩበት ነገር አለ። ማሠልጠኛው የሚሰጠው ወረቀት ሠልጣኟ ትምህርቱን መከታተሏን ይገልጻል። በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ግን ካስተማረው ተቋም ውጭ በሆነ መዛኝ፣ በጽሑፍና በተግባር የሚሰጥ ሲሆን፣ ሥራውን መሥራት መቻሏን ያረጋግጣል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 954 የዘርፉን ሥርዓት ይደነግጋል፤ በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ዘርፉን ይመራል። በሥርዓቱ መሠረት ሙያውን በሳሎን ውስጥ በልምድ የቀሰመች እኅትም ለምዘና መቅረብ ትችላለች። ስለዚህ ገንዘብ ለሚያጥራት፣ ከታማኝ ባለሙያ ሥር እየሠሩ መማርና በመጨረሻ መመዘን አንድ መንገድ ነው።

የጥፍር ሥራ ለብቻው ወይም ከሌላ የውበት አጠባበቅ ሙያ ጋር ተጣምሮ ሊሰጥ ይችላል። ማሠልጠኛው በየትኛው የሙያ ደረጃ እንደሚያስተምርና ተማሪዎቹን ለየትኛው ምዘና እንደሚያዘጋጅ በግልጽ ሊናገር ይገባዋል። በክፍለ ከተማችን የሚገኘውን እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የመሳሰሉ የመንግሥት ተቋማትም የሚሰጧቸውን ሥልጠናዎች ዝርዝር አስቀድሞ መጠየቅ ወጪ ሊያድን ይችላል።

ከመክፈል በፊት የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ወላጅም ሠልጣኝም ማሠልጠኛውን በአካል ጎብኝተው የሚከተሉትን ይጠይቁ፦

1. ተቋሙ የታደሰ የሥልጠና ፈቃድ አለው? ፈቃዱ የሚሸፍነው ይህን ሙያ ነው ወይስ ሌላ?

2. ጠቅላላው ሰዓት ስንት ነው? ከዚህ ውስጥ በሰው እጅ ላይ የሚሠራበት ስንት ነው? በሰው ሠራሽ ጣት ላይ ብቻ የተለማመደች ሠልጣኝ የሚንቀጠቀጥ እጅን፣ የተሰነጠቀ ጥፍርንና «አመመኝ» የሚል ድምፅን አላወቀችም።

3. አንድ አሠልጣኝ ስንት ተማሪ ይይዛል? አሠልጣኟ ራሷ የብቃት ማረጋገጫ አላት? በሙያውስ ምን ያህል ሠርታለች?

4. የንጽሕናና የኬሚካል ትምህርት በስንተኛው ቀን ይሰጣል? መልሱ «በመካከል እንነግራቸዋለን» ከሆነ ጥርጣሬ ይግባን። በክፍሉ ውስጥ መስኮት፣ የእጅ መታጠቢያ፣ መዘፍዘፊያ ዕቃና ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ መኖሩን በዓይን ማየት ይበልጣል።

5. ጄልንና አክሪሊክን መቀባት ብቻ ሳይሆን ማስለቀቅም ይማራሉ? ብዙ ጥፍር የሚጎዳው በሚነቀልበት ጊዜ ነው።

6. ክፍያው ዕቃን፣ ጓንትንና የምዘና ክፍያን ይጨምራል? በክፍፍል መክፈል ይቻላል? ካቋረጡስ ምን ይሆናል? መልሱ በጽሑፍ ይሰጥ።

7. ቀድመው የተመረቁ የት ይሠራሉ? ሁለት ወይም ሦስቱን አግኝቶ ማነጋገር ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይመሰክራል።

የገቢውን ወራት አስቀድሞ ማወቅ

ይህ ሙያ እንደ ገበሬው ሥራ ወቅት አለው። በጥር ከጥምቀት በኋላና ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሠርግ ስለሚበዛ ሥራው ይደራል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ግን ሠርግ ስለሌለ ገበያው ይቀዘቅዛል። ሥልጠናዋን በጾሙ ወራት የምትከታተል እኅት ለትንሣኤው ወቅት ትደርሳለች። የሠርግ ወራት ገቢዋን ሁሉ የምታጠፋ ግን የቤት ኪራይና የብድር ክፍያ በጾሙ ያስጨንቃታል። ስለዚህ ጥሩ ሥልጠና ዋጋ ማውጣትን፣ የዕለት ገቢና ወጪ መመዝገብንና መቆጠብን ሊጨምር ይገባል። መሣሪያም በአንድ ጊዜ ሁሉንም ከመግዛት ይልቅ፣ በመሠረታዊው የእጅና የእግር ጥፍር እንክብካቤ ጀምሮ ገቢ ሲገኝ ወደ ጄልና አክሪሊክ መሸጋገር ይሻላል።

የአጥቢያው ድርሻ

ሰበካ ጉባኤያትና ሰንበት ትምህርት ቤቶች በዚህ ጉዳይ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ እገዛ ማድረግ ይችላሉ። በሙያው ያሉ ምእመናት ጀማሪዎችን እንዲመክሩ ማገናኘት፣ ሠልጣኞች ማሠልጠኛ ሲጎበኙ አብሮ የሚሄድ ታላቅ ሰው መመደብ፣ በወረዳው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ስለሚሰጥ የማደራጀትና የብድር ድጋፍ መረጃ ማድረስ ይቻላል። ድጋፍ የሚሰጡ በጎ አድራጊዎችም ገንዘቡን ለሠልጣኟ በእጇ ከመስጠታቸው በፊት ከላይ የተዘረዘሩትን ሰባት ጥያቄዎች አብረዋት ቢመረምሩ፣ ስጦታቸው ፍሬ ያፈራል።

ለመመዝገብ የተዘጋጀች እኅት ማስታወቂያው «ዛሬ ብቻ» ቢላትም አንድ ሳምንት ትታገሥ። በዚያ ሳምንት ሦስት ማሠልጠኛዎችን ትጎብኝ፤ ሁለት ምሩቃንን ታነጋግር፤ ፈቃዱን በከተማው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ታጣራ። ነገ እጇን ዘርግታ ከፊቷ የምትቀመጠው ደንበኛ ይህን ሁሉ ልትመረምር አትችልም፤ የምታምነው ባለሙያዋን ነው።