ከሳፋሪ ራሊ እስከ ሳሪስ ጋራዥ፤ የቮልስ ጉልበት በ0.6 ሚሊሜትር

የመኪና ውድድር ሲነሳ የሹፌሩ ስም ይጠራል፣ ፍጥነቱ ይወራል። ሞተሩን አስተካክሎ የላከው መካኒክ ግን ማንም አያስታውሰውም። የእሱ ግጥሚያ የሚያልቀው ከጥፍር ውፍረት ብዙም በማትበልጥ ክፍተት ላይ ነው፤ በካንዴላ ጫፍ!

ቮልስ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ላይ የተጀመረውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 በአንደኝነት ጨርሳለች። በ1962 ቶሚ ፍያስታድ ጭቃውንና አቧራውን ጥሶ ሲያሸንፍ የያዘው ባለ 1200 ሲሲ ሞተር ነበር። ጉልበቷ ያን ያህል አልነበረም፤ ያለቻትን ግን ሳታባክን ትጠቀምባታለች።

የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታለች። አዲስ አበባ ግን ዛሬም ታሽከረክራታለች። በነፋስ ስልክ ላፍቶ ከጎተራ እስከ ሳሪስ፣ ከጎፋ እስከ መካኒሳ ጋራዥ የሚገቡ አሮጌ የቤንዚን መኪኖች አንድ ዓይነት ስሞታ ይዘው ይመጣሉ፤ «ሽቅብ ላይ ትንተፋተፋለች፣ ቤንዚን ትጠጣለች»። ቡድን ሲሸነፍ አሠልጣኙ እንደሚባረረው ሁሉ፣ እዚህም ሰበቡ መጀመሪያ የሚለጠፈው ካርቡራተሩ ላይ ነው። ካንዴላውን ቀድሞ የሚያይ ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ ካንዴላ ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ካንዴላው ሲያገለግል ጫፉ እየተበላ ክፍተቱ ይሰፋል። ያኔ እሳቱ ለመዝለል ከኮይሉ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል፤ ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛበት ይስታል። ከመጠን በላይ ከጠበበ ደግሞ እሳቱ ደካማ ይሆንና ሞተሩ በሚኒሞ አይረጋም፣ ካንዴላውም ቶሎ ይጠቁራል።

አዲስ አበባ ላይ ችግሩ ይብሳል። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ጥላሸቱ ካንዴላው ላይ ይጋገራል፣ እሳቱም በጥላሸቱ በኩል ያመልጣል። ከሳሪስ ተነስቶ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ወደሆነው እንጦጦ የሚወጣ ሰው ልዩነቱን በእግሩ ፔዳል ያውቀዋል።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። የማቀጣጠል ቅደም ተከተሉ 1-4-3-2 ስለሆነ ገመዶቹ እንዳይቀያየሩ አንድ በአንድ ይፈታል። ወደ መኪናው ፊት ያሉት 1ኛውና 3ኛው ለእጅ አይመቹም፤ በተለይ 3ኛው ዘይት ማቀዝቀዣው አጠገብ ስላለ ይበልጥ ይግላል፤ እሱን «ይለፈኝ» ማለት አያዋጣም። ቀለሙም ይነበባል። ቡናማ ከሆነ ጤና ነው፣ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ዘይት ከነካው ነገሩ ከካንዴላ አልፏል ማለት ነው።

ከዚያ ስስ ብረቱ መለኪያ ይገባል። ሲሳብ ትንሽ ያዝ ካደረገ ልኩ ነው። የሚታጠፈው የጎኑ ጫፍ ብቻ ነው፤ መሀለኛውን ደግፎ መፈልቀቅ ሸክላውን ይሰነጥቃል። ሲመለስም መጀመሪያ በጣት ይጠመዘዛል። ቴስታታው አልሙኒየም ስለሆነ ጥርሱ ከተበላሸ የርካሿ ካንዴላ ጉዳይ ውድ ጥገና ይሆናል።

በዓይን መገመት የለመደ እጅ «ይበቃል» ይላል። ነገር ግን 0.6 እና 0.9 ሚሊሜትርን በዓይን መለየት ዳኛ ከመሀል ሜዳ ሆኖ ኦፍሳይድ እንደመፍረድ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ካንዴላ የሚባል ነገር አያውቅም። ያሉት አሮጌ መኪኖች በመንገድ ላይ የሚቆዩት ይህችን ክፍተት የሚለካ እጅ እስካለ ድረስ ነው። ወጣት መካኒኮች ሙያውን ከአንጋፋዎቹ ካልተረከቡ ቮልስ በዝገት ሳይሆን በተተኪ እጦት ከሜዳ ትወጣለች።