ርስትና እጅ፤ በመንዝ ደጋ የእጅ ሥራ ስለ ምን ተናቀ?

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ፥ ልጁን ወደ ተማሪ ቤት የሚልክ ገበሬ የሚመኘው ልጁ ከሞፈርና ከቀንበር ተላቆ ብዕር ይዞ እንዲኖር ነው። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን የሚፈጸመው ለጥቂቶች ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በመላው ኢትዮጵያ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ያህል ነው።

ለቀሩት የሚሰጠው ምክር «የእጅ ሙያ ተማሩ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ መብራት የሚዘረጋ፥ ብረት የሚበይድ፥ ሞተር የሚጠግን ሰው ሥራውን በሚገባ ካወቀ፥ ዲግሪ ካለው የቢሮ ሠራተኛ የበለጠ ገቢ ሊያገኝ ይችላል። ሆኖም ብዙ ወጣቶችና ወላጆች የሙያ ኮሌጅን የሚያዩት እንደ ፈተና ወዳቂዎች መጠለያ ነው። ጥቅሙ እየተነገራቸው የማይቀበሉት ስለ ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ አሳብ፥ መልሱ የሚገኘው በደመወዝ ሳይሆን በርስት ታሪክ ውስጥ ነው የሚል ነው።

በደጋው የታወቁትን ሁለት የእጅ ሥራዎች ብናነጻጽር ነገሩ ይገለጻል። አንደኛው የቀጥቃጭ ሥራ ነው። ቀጥቃጩ እሳቱን በወናፍ እያናፋ፥ በጉጠት የያዘውን ብረት በመስፍ ላይ በመዶሻ እየመታ፥ ማረሻን፥ ወገልን፥ ማጭድንና መጥረቢያን ይሠራል። ያለ እርሱ ገበሬው ማረስ አይችልም ነበር። ይሁን እንጂ «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» እየተባለ ይፈራና ይናቅ ነበር፤ ገበሬውም ልጁን አይድርለትም። በሰሜን ሸዋ ለእንደነዚህ ያሉ ሠራተኞች የተሰጠው «ጠይብ» የሚለው ስም «ጠቢብ» ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር አንድ ነው፤ ብልኅ ማለት የነበረው ቃል ስድብ ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው የባና ሥራ ነው። የመንዝ በግ ጠጕሩ ይሸለታል፥ ይታጠባል፥ ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶች ድሩን ዘርግተው ማጉን እያስገቡ ባናና ዝተት ይሠሩበታል። ብርድ በጸናበት አገር ይህ ልብስ ለቤትም ለገበያም ይውላል። ባና ሠሪው ግን እንደ ቀጥቃጩ አይፈራም፥ አይገለልም።

ልዩነቱ ከጥበቡ አልመጣም፤ ብረትን አግሎ ቅርጽ ማስያዝ ከሽመና የሚያንስ ጥበብ አይደለምና። ልዩነቱ ባና የሚሠራው ገበሬው ራሱ መሆኑ ነው። እርሻው ሲፈታ ይሸምናል፤ ዝናም ሲጥል ወደ ሞፈሩ ይመለሳል። ርስቱ በአባቶቹ ስም የታወቀ ስለ ሆነ የእጁ ሥራ ክብሩን አይቀንስበትም። ቀጥቃጩ ግን በአብዛኛው ርስት አልነበረውም፤ በሌላ ሰው መሬት ተጠግቶ፥ ዋጋውን በመከር ጊዜ በእህል እየተቀበለ ይኖር ነበር። በጎንደር ያለውም ሁኔታ ይህንኑ ያስረዳል፤ በዚያ ሽመና በአብዛኛው ርስት የተከለከሉት የቤተ እስራኤልና የሙስሊሞች ሥራ ስለ ነበረ ሽመናም አብሮ ተናቀ። እንግዲህ በመጀመሪያ የተናቀው ሥራው ሳይሆን የሠሪው ርስት አልባነት ነበር ለማለት ይቻላል።

ነገሥታቱ የእጅ ሥራን ጥቅም ዐውቀውት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለእጆችን በጋፋት ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ነገር ግን ዐዋጁ ስድብን ከለከለ እንጂ ርስትን አልሰጠም፤ ስለዚህ የንቀቱ ሥር ሳይነቀል ቀረ።

ሥሩን የነካው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው። ርስት ቀረ፤ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ፥ ከ10 ሄክታር ሳይበልጥ፥ መሬት እንዲሰጥ ታዘዘ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በዛ፥ መሬቱ ግን አልሰፋም፤ እርሻው በልጆች መካከል ሲካፈል እየጠበበ ሄደ። ዛሬ በመንዝ መሬት ያጣው የቀጥቃጭ ልጅ ብቻ አይደለም፤ የባለርስቱ የልጅ ልጅ ራሱ ነው። የአያቱን ንቀት ወርሷል፤ የአያቱን መሬት ግን አልወረሰም።

ታዲያ የሙያ ሥልጠናው ለዚህ ወጣት ምን ይሰጠዋል? ሥልጠናው በደረጃ በደረጃ የተከፈለ ነው። ሠልጣኙ በኮሌጁና በድርጅት ውስጥ እየሠራ ይማራል፤ ሲጨርስም የብቃት ምዘና ይፈተናል። በጀርመን አገር ተለማማጁ ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈራረማል፤ አበል እየተከፈለው ይሠራል፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀንም ተማሪ ቤት ይሄዳል። የእኛም ሥርዐት ከዚህ ብዙ ነገር ወስዷል።

ጥሩ ዋጋ የሚገኘው ግን በወረቀቱ ብቻ አይደለም። አንድ መኪና ሲቆም የብዙ ሰው ሥራ የሚቆም ከሆነ፥ መኪናውን የሚያስነሣው ሰው ዋጋው ከፍ ይላል። የብዙ ፋብሪካዎች ከተማ በሆነችው በደብረ ብርሃን ይህን መረዳት አያዳግትም። የጥንቱም ቀጥቃጭ እንዲሁ ነበር፤ በእርሻ ወራት ማረሻው የዶለዶመበት ሁሉ በእርሱ ደጅ ይቆም ነበር። ነገር ግን የሚቆምበት መሬት የራሱ ስላልነበረ በዋጋው ሊከራከር አልደፈረም። ችሎታ ነበረው፤ መደገፊያ አልነበረውም።

ስለዚህ ሠልጣኙን የምስክር ወረቀት ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ቀጥቃጩን ያለ ርስት እንደ መተው ነው። የዛሬ ባለሙያ ርስቱ የመበየጃ መሣሪያው፥ የሚሠራበት ቦታና ለመጀመሪያው ዕቃ መግዣ የሚሆነው ብድር ነው። እነዚህን ያገኘ ሰው በዋጋው ሊከራከር፥ ሌላ ወጣትም ሊያሠለጥን ይችላል፤ ያላገኘ ግን የቀን ሠራተኛ ሆኖ ይቀራል፤ ወላጆችም እርሱን አይተው ፍርሃታቸው እውነት መሆኑን ያረጋግጣሉ።

እኛ የኮሌጅ ተማሪዎች ወደ አገራችን ስንመለስ ስለ ሥራ ክቡርነት ንግግር ማድረግ ይቀናናል። ባና ሠሪውን ያስከበረው ግን ንግግር አልነበረም፤ ከሽመናው በስተኋላ የቆመው እርሻው ነበር። ለብየዳ ሠራተኛውም ከሙያው በስተኋላ የሚቆም እንዲህ ያለ ነገር ካላበጀንለት፥ ምክራችንን የሚሰማ ወላጅ ማግኘታችን ያጠራጥራል።